የማይወዳደር ፋብሪካ ወንበር ሰፊ

ከወንዙ ማዶ ያለችው ከተማ ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ትሠራለች። የእኛዋ ሮንኬቶ የወተት መኪና ትሠራለች። የሁለቱ ከተሞች ታሪክ ይኸው ነው፤ የቀረው ቅናት ነው።

እሑድ ከሰዓት፣ የማዶዎቹ ቀይ መኪና በዓለም አንድ ጥግ በታላቁ የመኪና ውድድር አንደኛ ሲወጣ፣ ቄሳቸው የቤተ ክርስቲያናቸውን ደወል ያስደውላሉ። ነፋሱም ወገንተኛ ነው። የእነሱን ደወል አሳምሮ ወደ እኛ ያመጣል፤ የእኛን ወደ እነሱ ሲወስድ ታይቶ አይታወቅም። ለነገሩ ምን ብሎ ይወስዳል? ቤላቲ፣ የእኛ ፋብሪካ፣ ከተከፈተ ጀምሮ ያመረተው የዳቦ ማከፋፈያ፣ የወተት ማመላለሻና አዋላጅ ነርሶች በጭቃ መንገድ የሚነዷት ትንሽ የቤት መኪና ነው። በታላቁ ውድድር አንድ ቀን እንኳ ጎማ አሽከርክሮ አያውቅም።

የማዶ ሰዎች ወደ ሎሪስ ቡና ቤት ጎራ ሲሉ ይህን ሳያነሡ አይሄዱም።

"ደወላችሁን ለምን አትሸጡልንም?" ይላሉ። "እኛ ዘንድ አንዱ ከሥራ ብዛት ተሰንጥቋል።"

ሎሪስ መልስ አያጣም። "ልጆቻችሁ የሚጠጡት ወተት በምን የመጣ መሰላችሁ? በቀይ መኪና?"

መልሱ ጥሩ ነው። ችግሩ ለወተት ደወል አይደወልም።

በዚህ ነገር ሁላችንም እንቀልድ ነበር። ከልቡ የሚታመምበት ግን አንድ ሰው ነበር፤ ኔሊዮ ይባላል።

ኔሊዮ በቤላቲ የወንበር ክፍል ኃላፊ ነበር። ኃላፊ ስል ቢሮና ክራባት ያለው እንዳይመስላችሁ። አባቱ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ፤ ፈረሱ ሲጠፋ ኮርቻው ወንበር ሆነ፤ ልጅየውም መርፌውን ይዞ ፋብሪካ ገባ። ከዚያ ወዲህ አፉ ውስጥ ትናንሽ ምስማሮች ሳይኖሩ ያየው ሰው ጥቂት ነው። በጥርሱ ይዟቸው ያወራል፣ በጥርሱ ይዟቸው ይስቃል፤ ሚስቱን አርጂያንም ምስማሩን ሳያወጣ ነው አሉ አግቢኝ ብሎ የለመናት። እሷ በአጠገቡ የስፌት መኪና ላይ ትሠራ ነበር፤ ምን እንዳለ በደንብ ስላልሰማች እሺ አለችው። ይህ የእሷ አባባል ነው። ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ጉዳይ በቤታቸው ብዙ አይወራም ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች ግን የብስክሌታቸው ኮርቻ በተቀደደ ቁጥር ወዴት እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር።

እሑድ ደግሞ ኔሊዮ የደወል ደዋዮች አለቃ ነው። ደወሎቻችን አራት ናቸው፤ ኤሌክትሪክ አያውቃቸውም። በእያንዳንዱ ገመድ አንድ ሰው ይቆማል፤ አራቱ እንደ አንድ ሰው ካልሳቡ ዜማው የድስት መደርደሪያ ሲወድቅ የሚሰማውን ይመስላል። በእኛ አገር ወንድ ስለ ጠባዩ ቢሰደብ ይታገሣል፤ ስለ ሚስቱ ምግብ አሠራር ቢሰደብ ይታገሣል፤ "ደወልህ ዘገየ" ከተባለ ግን ለድብድብ ወንበር ይነሣል። ለሠርግ የራሱ አደዋወል አለው፤ ለበዓል የራሱ፤ ለሞት ትልቁ ደወል ብቻውን፣ እያዘገመ።

ኔሊዮ ከእነዚህ ሌላ አንድ ዜማ ነበረው፤ የድል። ራሱ ነው ያቀናበረው። ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሦስቱን ጓደኞቹን ይዞ ማማው ላይ ይወጣና፣ የደወሎቹን ምላስ ከፋብሪካ በተረፈ የወንበር ቆዳ ጠቅልሎ፣ ድምፅ ሳይወጣ ለድል ያለማምዳቸው ነበር። እስቲ አስቡት፤ የማይወዳደር ፋብሪካ ባለበት ከተማ፣ የማይሰማ የድል ደወል። ከማዶ አንድ ሰው ይህን ቢያይ በሳቅ ወንዝ ውስጥ ይወድቅ ነበር።

ከደዋዮቹ አንዱ ያው ሎሪስ ነው። "ለማን ነው የምንለማመደው?" ብሎ ይጠይቃል።

"ለቤላቲ።"

"ቤላቲ ምን ሊያሸንፍ?"

"አንተ ዝም ብለህ ሳብ።"

ይስባሉ። ከላይ ደወሎቹ እንደ አኮረፉ በሬዎች ይዞራሉ፤ የሚሰማው የገመዱ ሲጥሲጥታ ብቻ ነው።

ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት የኔሊዮ ቀኝ ትከሻ እንቢ አለ። ዶክተሩ "ከገና በኋላ ገመዱን ለሌላ ስጥ፤ አለዚያ ማንኪያ የምታነሣበት እጅ አይኖርህም" አለው። አርጂያ ከእራት በኋላ በካምፎር ቅባት ታሸዋለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ለማይመጣ ነገር ክንድህን ጨረስክ።"

"ይመጣል።"

"እኔም 'ጎበጥ ማለቱ ይስተካከላል' ብዬ ነው ያገባሁህ።"

"አንዴ ብቻ፣ አርጂያ። ለራሳችን መኪና አንዴ ስቤ ገመዱን እተዋለሁ።"

አርጂያ ቅባቱን ጨመረች።

ለመሆኑ ቤላቲ የማይወዳደረው ለምንድን ነው? ይህን የጠየቀ ጋዜጠኛ ሁሉ ያንኑ የታተመ ወረቀት ይሰጠው ነበር። ወጪው ከባድ ነው ይላል ወረቀቱ። የውድድር መኪና ከወተት መኪና ጋር የሚጋራው ጎማውን ብቻ ነው፤ እሱንም በቅርጽ እንጂ በጠባይ አይደለም። ደንቡን የሚጽፉት ሌሎች ናቸው፤ ሲያሻቸውም ይቀይሩታል። ብናሸንፍ "ገንዘብ ስላላቸው ነው" እንባላለን። ብንሸነፍ ደግሞ ሽንፈታችን እሑድ ቀን በመላው ዓለም ፊት ነው፤ ሰኞ ጧት ወተት አከፋፋዩ መኪናውን ሲያስነሣ "ይቺ የዚያች ትናንት ጭስ ስትተፋ የነበረችው መኪና እህት አይደለችም እንዴ?" ብሎ መጠራጠሩ አይቀርም። ከታላቁ ውድድር የሚሸሹ አምራቾች ሁሉ፣ ጀርመን ይሁኑ ጃፓን፣ የሚደረድሩት ይህንኑ ነው። አንዱም ሐሰት የለበትም። ማንም የማያምናቸውም ለዚህ ነው፤ አንድ ነገር የሚያመው ሰው አንዱን ይናገራል እንጂ አምስት በሽታ በቁጥር አሰልፎ፣ ወፍራም ወረቀት ላይ አሳትሞ፣ ከፋብሪካው ፎቶግራፍ ጋር አያድልም።

ከተማው የራሱ ማብራሪያ ነበረው፤ ንፉግነት። ፋብሪካው የሲኞራ ኦልጋ ቤላቲ ነው። መሥራቹ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። አንድ ጥቁር ኮት ነበራቸው፤ ከአንዳንዶቻችን ዕድሜ የሚበልጥ። "ሲኞራዋ በቤተ ክርስቲያን የለኮሱትን ሻማ ግማሹን ወደ ቤት ይመልሱታል" ይባል ነበር። እሳቸውም ሳይሰሙ አይቀሩም፤ አስተባብለው ግን አያውቁም።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ቱሊዮ። ቤላቲ ከሠራት ትንሽ መኪና ላይ አላስፈላጊውን ሁሉ ነቅሎ፣ በተራሮቹ በኩል በሚደረገው የዳገት እሽቅድምድም ሲሮጥ፣ አንድ መታጠፊያ ላይ ሞተ። ያ የተራራ ሩጫ የመንደር ጎረምሶች ጨዋታ ስለነበር ከታላቁ ውድድር ጋር ማንም አያይዞት አያውቅም። ደግሞም ቆይቷል። የሰው ሐዘን ከተማው ሲረሳው የሚያበቃ ይመስለናል።

እንግዲህ እንዲህ ተቀምጠን ሳለን ኢንጅነር ሪጊ ከሚላኖ መጣ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው። "ራእይ" የሚለውን ቃል ቁርስ ሳይቀርብለት ይጀምርና እስከ ምሳ አይለቀውም። ወጣቱ ቤላቲን አያውቅም፣ ስም የሌለው ፋብሪካ እንደ ቆመ መኪና ነው፣ ስም የሚገኘው በእሽቅድምድም ነው እያለ፣ ባለ ቀለም ሥዕል ግድግዳ ላይ እያበራ፣ ቦርዱን አሳመነ። የቦርዱ ሰዎች በጨለማ ክፍል ውስጥ የታየ ነገር ሁሉ ደስ ይላቸዋል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሠራተኞች መመገቢያ መጥቶ ወንበር ላይ ቆመና "ዘንድሮ፣ ከገና በፊት፣ ቤላቲ በታላቁ ውድድር ይሰለፋል" አለ።

ማንኪያው ሁሉ ጠረጴዛውን መታ። ኔሊዮ ግን ፓስታው ፊቱ እየቀዘቀዘ ማንኪያውን ሳያነሣ ተቀመጠ። ጎኑ የነበሩት "ምነው አመመህ?" አሉት። ራሱን ነቀነቀ። ምስማሮቹን ለምግብ አውጥቷቸው ስለነበር የሚናገርበት የጠፋው ይመስል ነበር።

የቀረው የሲኞራዋ ፊርማ ነው። ፊርማው ደግሞ በቤላቲ እንዲህ በዋዛ አይገኝም። መሥራቹ መኪና ከመሥራታቸው በፊት ወንበር ሠሪ ነበሩ፤ አዲስ ሞዴል ሲወጣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ወንበር ክፍል ወርደው የመጀመሪያው ወንበር ላይ መቀመጥ ነበር። ካልተመቻቸው ሞተሩ እንደ አንበሳ ቢያገሣ አይፈርሙም። ሲኞራዋም ይህን ደንብ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያጓድሉ ይዘውታል።

"ይሄ እኮ የውድድር መኪና ነው" አለ ኢንጅነር ሪጊ። "የሰማንያ ዓመት አሮጊት ወንበሩን ሞክረው ምን ሊሉ ነው?"

"ደንብ ነው" አለ ኔሊዮ፤ ምስማሮቹን ከጥርሱ ሳይለቅ።

ነጂው ከባሕሩ በኩል የመጣ የሪሚኒ ልጅ ነበር፤ ዳሪዮ ይባላል። ጺሙ በቅጡ አልበቀለም፤ የሚራመደው ግን ዓለም መንገድ እንድትለቅለት እየጠበቀ ነው። የውድድር መኪና ወንበር በነጂው ገላ ልክ ነው የሚሠራው። ነጂው ባዶው ቅርፊት ውስጥ ይቀመጣል፤ ከጀርባው ባለው ላስቲክ ውስጥ ፈሳሽ ስፖንጅ ይፈስሳል፤ ፈሳሹ እየሞቀ፣ እየነፋ ሄዶ የጀርባውን ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። እስኪደርቅ መነቃነቅ የለም። ዳሪዮ ግን ጎኑ ሲነካ የማይችል ልጅ ሆኖ ተገኘ።

"አትነቃነቅ" አለው ኔሊዮ።

"ሲኞር ኔሊዮ፣ ጎኔ ላይ እየተሳበ ነው።"

"ይሳብ።"

"ልስቅ ነው።"

"ከሳቅህ ሳቅህ ወንበሩ ላይ ይቀራል። ከዚያ በየመታጠፊያው ሲኮረኩርህ ይኖራል።"

ልጁ ይባስ ፈነዳ። የመጀመሪያው ወንበር ተጣለ። ሁለተኛውን ሲያፈስሱ ሁለት ሠራተኞች እጁን ያዙት፤ ኔሊዮ ፊቱ ላይ አፍጥጦ "የአክስትህን ቀብር አስብ" እያለ አስደረቀው። ልጁ ተነሥቶ ሲሄድ ጀርባው ወንበሩ ላይ ቀረ፤ ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች፣ የአከርካሪው ጎድጎድ፣ ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ያለው ግራ ትከሻ። ኔሊዮ ጥቁር ጨርቅ ሲያለብሰው እያንጎራጎረ ነበር። በሐሙሱ ልምምድ ላይ ማክሰኞንም ጨመረበት።

"ያ ልጅ ሲያሸንፍ ትልቁን ደወል የምስበው እኔ ነኝ" አላት ለአርጂያ።

"ትከሻህስ?"

"ለአንድ ቀን ትበቃለች።"

"ከአንድ ቀን በኋላስ?"

"ከዚያ አንቺ ታጎርሺኛለሽ።"

ሲኞራዋ በጧት መጡ፤ በከዘራቸው፣ በዚያው ኮታቸው። ኢንጅነር ሪጊ ወረቀቱንና ክዳኑ የተከፈተ እስክሪብቶ ይዞ ከኋላቸው ይከተላል። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው "ኢንጅነር፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁኝ" አሉት። "ወንበር ሲሞከር የሚሰፋውና የሚቀመጠው ብቻ ናቸው የሚገቡት።" ከዚያ በኋላ የሆነውን እኛ የሰማነው ከአርጂያ ነው፤ ያውም ቆይቶ።

ወንበሩ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሲኞራዋ ረጅም ጊዜ አዩት።

"እንዴት ልቀመጥበት፣ ኔሊዮ? ሰው አለበት እኮ።"

"የልጁ ጀርባ ነው፣ ሲኞራ። ለሌላ ሰው አይሆንም።"

ከዘራውን አስደግፈው እጃቸውን ትከሻው በሚያርፍበት ጎድጓዳ ላይ አኖሩ።

"ግራው ዝቅ ይላል።"

"አዎን፣ ትንሽ።"

"ስሙ ማነው?"

"ዳሪዮ።"

"እናት አለችው?"

"አለችው። ሪሚኒ ፀጉር ቤት አላት አሉ።"

እጃቸውን አላነሡም። "የቱሊዮን ወንበር ስትሰፋ ልኩን በምን ነበር የወሰድከው?"

"በሜትር። ያኔ ይሄ ፈሳሽ ስፖንጅ የሚባል ነገር አልነበረም።"

"ይስቅ ነበር?"

"ሲኞራ፣ ጎኑን ማን ሊነካለት። ሜትሩን እየቀማኝ ይሮጥ ነበር። በመጨረሻ በዓይኔ ገምቼ ነው የቆረጥኩት።"

ሲኞራዋ ሳቁ። ኔሊዮ ሲስቁ አይቷቸው አያውቅም ነበር፤ ድምፁ ከማን እንደመጣ ለማወቅ ወደ ኋላው ሊዞር ምንም አልቀረውም።

"ሐሙስ ሐሙስ ማማው ላይ መብራት አያለሁ" አሉት ከዚያ። "ለምን እንደምትወጡ ነግረውኛል። ሎሪስ ምስጢር አይችልም። እኔ ይሄን ወረቀት ቀድጄ ልጥለው ነበር የመጣሁት። ግን ይህን ያህል ዘመን አንተን ማስጠበቄንም አውቃለሁ። 'ይፈርሙ' ካልከኝ እፈርማለሁ።"

አንዲት ቃል ነበረች የተፈለገችበት። ዘመኑን ሙሉ ያለ ድምፅ ሲደውላት የኖራት ቃል። ከበሩ ውጭ አንድ የሚላኖ ሰው እስክሪብቶ ይዞ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወዲያ ከተማው በሙሉ ይጠብቃል፤ ትከሻው ደግሞ እስከ ገና ነው። ኔሊዮ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው።

"ሲኞራ፣ ለቱሊዮ ትልቁን ደወል የሳብኩት እኔ ነበርኩ።"

"አውቃለሁ። ሰምቼሃለሁ።"

"ለድልም የምስበው እሱኑ ነው። ሌላ ገመድ የለንም።" እጁን ወንበሩ ላይ አደረገ። "የፀጉር ቤቷን ሴትዮ አላውቃትም። ልጇን ግን በእጄ ይዤዋለሁ። ለድል ይደወልለት ይሆናል። ያኛውን ግን ሁለተኛ አልስብም። አይፈርሙ።"

ሲኞራዋ ከዘራቸውን አነሡ። ሲወጡ እግረ መንገዳቸውን የኔሊዮን ክንድ፣ የታመመውን፣ ነካ አደረጉት። ኢንጅነሩ ወረቀቱን ዘረጋ።

"ወንበሩ አልተመቸኝም" አሉትና አልፈውት ሄዱ።

በቤላቲ ደንብ ይህ በቂ ነው። የቤላቲን ደንብ ለማያውቅ ዓለም ግን ሌላ ቋንቋ ተዘጋጀለት፤ "ድርጅታችን ስልታዊ ቅድሚያዎቹን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ፣ ሀብቱን ለደንበኞቹ ዕለታዊ ፍላጎት ማዋሉ ተመራጭ ሆኖ ስላገኘው" ምናምን። በወፍራም ወረቀት ታተመ፤ ከፋብሪካው ፎቶግራፍ ጋር። ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ባነበባችሁ ቁጥር ከጀርባው አንድ ቦታ ላይ፣ አንዲት ሴት ባዶ ወንበር ላይ እጇን ጭና ቆማ ይሆናልና ቀስ ብላችሁ ሳቁ። ኢንጅነር ሪጊ ራእዩን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ወደ ሚላኖ ተመለሰ፤ እዚያ ለራእይ ገበያ አይጠፋም።

በሎሪስ ቡና ቤት የወረደውን ስድብ አልጽፈውም።

"አልተመቸኝም አለች አሉ፣ ንፉግ አሮጊት። ሲኒማ ቤት የምትገባ መሰላት እንዴ?" አለ ሎሪስ። ከዚያ ወደ ኔሊዮ ዞረ። "አንተስ? ትንሽ ስፖንጅ ብትጨምርበት እጅህ ይቆረጥ ነበር?"

"ጠበባቸው" አለ ኔሊዮ፤ የካርታ ተራው ስለነበረ ካርታውን ጣለ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ማማው አልበራም። ኔሊዮ የእሑዱን ደወል ደውሎ ቀጥ ብሎ ቤቱ ይገባል። የማዶው ደወል በነፋስ ሲመጣ ደግሞ መስኮቱን ይከፍትና "ሦስተኛው እየዘገየ ነው" ይላል። አርጂያ "ዝጋው፣ ብርድ ይገባል" ትለዋለች። አይዘጋውም።

አንድ ቀን ከሰዓት ዳሪዮ መጣ። መኪናውን በራፋቸው ላይ ሲያቆማት የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ላይ ወጡ። ሰላምታ ሳይሰጥ ወጥ ቤት ድረስ ገባ።

"አንድ ሰው ሴትዮዋን አስፈራርቷቸዋል" አለ። "ኢንጅነሩ እስክሪብቶውን ሳይቀር ከፍቶ ነበር። ማነው የተናገራቸው? እዚያ ክፍል የነበሩት እርስዎ ነዎት፤ ያውቃሉ።"

"እኔ ነኝ" አለ ኔሊዮ።

"እርስዎ?"

"እኔ። 'አይፈርሙ' አልኳቸው።"

ልጁ የሚይዘውን ፈልጎ የወንበር መደገፊያ ያዘ። "እኔ ምን አድርጌዎት?"

"ምንም አላደረግኸኝም። ጎንህን ሲነካህ ሳቅህ።"

"ይሄ መልስ ነው?"

"ሌላ የለኝም።"

"ሌላ ቡድን ይወስደኛል እኮ። ዛሬ ባይሆን ነገ። ምን ያስቀሩ መሰልዎት? ዞሮ ዞሮ መንዳቴ አይቀርም።"

"ንዳ። ማን እጅህን ያዘህ? እኔ በሰፋሁት ወንበር ግን አትሞትም፤ ሌላ እንኳ ባልችል ይቺን እችላለሁ።"

አርጂያ በዚህ መሐል ሳህን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ቶርቴሊኒ፣ ሥጋ የተሞላ ትንንሽ ፓስታ፣ በዶሮ ሾርባ፣ እንፋሎቱ የሚነሣ።

"መቆጣትህ ልክ ነው፤ ግን ተቀምጠህ ተቆጣ" አለችው። "ሾርባው ይቀዘቅዛል።"

መጀመሪያ ቆሞ አያት። ከዚያ ተቀመጠ። እየተቆጣ በላ፤ ማንኪያውን ከሳህኑ ጋር እያጋጨ። ሁለተኛው ሳህን ሲቀርብለት የሚጋጨው ድምፅ ቀነሰ። ኔሊዮ ቀዩን ወይን ቀዳለት።

"ፋብሪካ ውስጥ የሚሉት እውነት ነው?" አለ ልጁ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ። "ለእኔ ድምፅ የሌለው ደወል ትለማመዱ ነበር የሚሉት?"

"ሎሪስ የሚሉት ሰው አፍ የለውም፤ ቧንቧ ነው ያለው።"

"ያሳዩኝ።"

"ትከሻህ" አለች አርጂያ።

"እሱ ይስባል፤ እኔ አያለሁ" አለ ኔሊዮ፤ ኮፍያውን ግን ከመስቀያው ያነሣው ንግግሩን ገና ሳይጨርስ ነበር።

ቄሳችን አባ አንሴልሞ በዚያ ሰዓት አትክልታቸው ውስጥ ሰላጣ እያጠጡ ነበር። ሁለቱ ማማው ላይ ወጡ። ኔሊዮ ከምላሶቹ ላይ ቆዳውን ፈታ፤ ለዳሪዮ የትልቁን ገመድ ሰጠው። በሰዓት ያን ያህል ኪሎ ሜትር የሚነዳ ልጅ ገመዱን ሲስብ ገመዱ መልሶ እሱን ሳበው፤ እግሩ ከወለሉ ተነሣ። ደወሉ አንዴ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ እንደገና ጮኸ።

ሮንኬቶ ወጣች። ያለ ሰዓቱ ደወል ከተሰማ የማዶን የድል ደወል ሲሰማ በኖረ አገር የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው። መስኮቶች ተከፈቱ፤ ፀጉር አስተካካዩ ፊቱ ግማሹ ሳሙና ከሆነ ደንበኛው ጋር ወደ አደባባዩ ወጣ። "ማን አሸነፈ?" ይላል ሁሉም። አንዱ "ሲኞራዋ ፈርመዋል" አለ። ሌላው "ፈርመው፣ ሮጠው፣ አሸንፈው መጡ እንዴ?" አለው። የሆነ ሰው ባንዲራ ፍለጋ ቤቱ ገባ።

ሎሪስ ሽርጡን እንዳሸረጠ ደረጃውን ሮጦ ወጣ። ደስታ አልነበረም ያስሮጠው፤ ንዴት ነው።

"ደወሉን የሚያሰቃየው ማነው?" እያለ ገባና ልጁን አየ። ምንም አልጠየቀም። የራሱን ገመድ ያዘ። ቀሪዎቹ ሁለቱም እያለከለኩ ደረሱ፤ በዚያ አኳኋን የሚጮኽ ደወል እየሰሙ መቀመጥ አልቻሉም። ኔሊዮ ልጁን በእጁ ገፋ አደረገና ትልቁን ገመድ ተቀበለው።

"የትኛውን?" አለ ሎሪስ።

"የለመድነውን።"

ያ ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አወጣ። ስለ ውበቱ የምለው የለኝም፤ እኔ የሮንኬቶ ሰው ነኝ፤ ዳኛ ልሆን አልችልም። አደባባዩ ላይ ሳሙና ያለበት ሰውዬ ሲያለቅስ ታይቷል፤ ሳሙናው ዓይኔ ገብቶ ነው ብሏል።

"ማን አሸነፈ?" ብለው ከታች ይጮኻሉ።

ሎሪስ ኔሊዮን አየው። "ምን ልበላቸው?"

"ማንም አላሸነፈም በላቸው።"

ሎሪስ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ እንደዚያው ነገራቸው። ሰው ግራ ተጋባ፤ ቢሆንም የሄደ አልነበረም።

ከዚያ የሲኞራዋ ሾፌር ደረጃውን ግማሽ ወጥቶ ጮኸ። መጀመሪያ ትልቁ ደወል ብቻውን እየተንገዳገደ ስለተሰማ ሲኞራዋ ደንግጠው ልከውት ነው።

"ሲኞራ ማን ሞተ ብለው ይጠይቃሉ።"

ኔሊዮ እጁን ከገመዱ ሳይለይ ወደ ጥግ አየ። ዳሪዮ ገመድ የላጠውን መዳፉን እፍ እፍ እያለ፣ በሎሪስ ሽርጥ ይስቅ ነበር።

"ማንም አልሞተም በላቸው።"

"ታዲያ በዚህ ሰዓት ለምን ይደወላል ይላሉ።"

"ማንም ስላልሞተ ነው በላቸው።"

ሾፌሩ መልሱ እንዳይጠፋበት ለራሱ እየደጋገመ ወረደ። ዜማው ወደ መሐሉ ሲደርስ የኔሊዮ ቀኝ ክንድ ከገመዱ ላይ በራሱ ጊዜ ወደቀ። የትልቁ ደወል ተራ እስኪደርስ ለአፍታ ያህል ጊዜ ነበረ። ልጁን በዓይኑ ጠርቶ ገመዱን አስያዘውና ትከሻውን ይዞ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

"ከሎሪስ ቀጥለህ ግባ" አለው። "አትቸኩል።"